ደባርቅ ላይ የተደረገው የልምድ ልውውጥ

ቅናት ያከሳል ሲሉ አላምንም ነበር። ዳባት ወረዳ የተፋሰስ ባለሙያ ነኝ። በየዓመቱ አርሶ አደሮቼን ይዤ ለልምድ ልውውጥ ደባርቅ እሄዳለሁ። የማንን ልምድ ለማየት? አንድ ክፍል አብሮኝ የተማረውን፣ የደባርቁን ባለሙያ የአስማማውን! የእሱ ቦረቦር ሣር ለብሶ ምንጭ አፍልቋል፤ የእኔው ዛሬም አፉን እንደከፈተ ነው። እኔ የምኮራው በችግኝ ጣቢያዬ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ባሰ። አስማማው እርከኑ ላይ ቆሞ ሲያስረዳ የእኔ ገበሬዎች ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይሰሙታል። እኔ ስሰበስባቸው እኮ ግማሹ ያንቀላፋል! ከከብት ግጦሽ ከከለለው ተራራ የተቆረጠ ማር ሲያቀርብልን "ትንሽ ይመርራል" አልኩ። ሁሉም ጣቱን ይልሳል እንጂ ማን ይስማኝ።

መሄጃችን ሲደርስ የእኛ ቀበሌ ሽማግሌ አያ ታከለ፣ ከደባርቁ ሽማግሌ ጋር ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ አየሁ። የደበቁን ዘዴ ካለ ልስማ ብዬ፣ ጫማዬን የማስር መስዬ ተጠጋሁ።

"ይኸን ልጅ ስጡንና የእኛን ውሰዱ" ይላሉ አያ ታከለ፣ በአገጫቸው አስማማውን እያሳዩ።

ደሜ ፈላ። ቀና ስል የደባርቁ ሽማግሌ፣ ገበያ ላይ በሬ እንደሚመርጥ ሰው፣ ከእግር እስከ ራስ ያዩኛል።

"መለወጡንስ እንለውጥ ነበር" አሉ፤ "ግን በእሱ ላይ ምን ትጨምሩልናላችሁ?"

አያ ታከለ ለአፍታ እንኳ አላሰቡም።

"ችግኝ ጣቢያውን ከነአጥሩ!"