ከአረፋ በኋላ ያለው አራተኛው ቀን

ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ የብርድ ልብሱን ሣጥን ስትከፍት፣ ነጭ ከረሜላ መስሎ በልብስ መካከል የሚጣለው የብል መድኃኒት ሽታ ቤቱን ሞላው። እሷ አፍንጫዋን ይዛ ሸሸች። እኔ ግን የያዝኩትን ሳህን አስቀምጬ ባለሁበት ቆምኩ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ፣ ገዳሪፍ ገበያ፣ ሐጅ ዑስማን ሱቅ ውስጥ፣ ክንዴን እስከ ብብቴ ከብርድ ልብስ ክምር ውስጥ ከትቼ ባዶ የዳበስኩ መሰለኝ።

ከአርማጭሆ ተነሥተን ድንበሩን ወደ ሱዳን ስንሻገር እኔ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ስለነበር፣ የልጅነት ቤቴ ብዬ የማስታውሰው ገዳሪፍ ያለውን የሣር ጎጆና ከደጁ የነበረውን ራኩባ፣ ያንን የሣር ዳስ ብቻ ነው። አባቴ በክረምት ለአረም፣ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሀዋታ እርሻዎች ይወርድ ነበር። እናቴ የሰው ልብስ ታጥብ ነበር። ከሁለቱም እጅ የሚገባው ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጦም ያደርንበትን ቀን አላስታውስም። ይህም የሆነው እማ የምትገዛበትን ጊዜ ስለምታውቅ ነው።

በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ደጅ ሲያስተኛ፣ ነጋዴዎቹ የተረፋቸው ብርድ ልብስ ቦታ እየያዘባቸው ዋጋውን ይጥሉት ነበር፤ እማም ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ብርድ ልብስ በራሷ ተሸክማ ትመጣ ነበር። ጎረቤት ይስቅባት ነበር። «ኧረ እቴ፣ በረዶ ሊጥል ነው እንዴ?» ይሏት ነበር። ታኅሣሥ ላይ የሌሊቱ ብርድ ሲጠና የሳቁባት ሴቶች ልብስ ሊዋሱ ይመጡ ነበር፤ እማም አውጥታ ታውሳቸው ነበር።

መስከረም ሲጠባ፣ ያ እግር ይዞ የሚያስቀር የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ መድረቅ ሲጀምር፣ የጃንጥላና የጎማ ጫማ ተራ ነበር፤ ለከርሞ ክረምት ብላ ከእግሬ አንድ ጣት የሚበልጥ ጫማ ትገዛልኝ ነበር። አጨዳው አልቆ ሠራተኛው ደመወዙን ይዞ ከተማ ሲገባ ግን ገበያ አትወጣም ነበር፤ ያን ጊዜ ድስቱም ሳህኑም እሳት ይሆናል። ሠራተኛው በጭነት መኪና ተጭኖ ወደየአገሩ ሲመለስ ነበር ድስት የምንገዛው። «ሰው ሲሻማበት አንነካውም» ትለኝ ነበር፤ ይህን ያህል ከተናገረች ለእሷ ብዙ ነው።

የልጅ ልብስ የሚረክሰው ደግሞ ከአረፋ በኋላ ነበር። ነጋዴዎቹ ለሙስሊሞቹ በዓል ብለው ያመጡት ቀሚስና ሱሪ ሲተርፋቸው ከደጃቸው ሸራ ላይ ዘርግተው «ተኽፊድ! ተኽፊድ!» እያሉ፣ ቅናሽ መሆኑን ይጣሩ ነበር። እኛ ክርስቲያኖቹ የነሱን የበዓል ትራፊ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለመስቀል እንለብስ ነበር። አረፋ በየዓመቱ አሥር ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ እማ በእኛ ቀን አቆጣጠር የት እንደሚውል ከወራት በፊት ታጣራ ነበር።

በዚህ ነገር ሰፈራችን ያሉት የአገራችን ሴቶች ቃል ነበራቸው። በዓሉ ሦስት ቀን ይከበራል፤ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቅ ይከፈታል፤ ነገር ግን እስከ አራተኛው ቀን ድረስ ማንም ሱቅ ደጅ እንዳትታይ። አንዷ ቸኩላ ከሄደች ነጋዴው ፍላጎታችንን ያይና ለሁላችንም ዋጋውን ይይዛል። ይህን ቃል ያወጣችው የክርስትና እናቴ እትዬ ብርቄ ነበረች።

እትዬ ብርቄ ከእናቴ ጋር ከአንድ ቀዬ የመጣች፣ ባሏ የጭነት መኪና ረዳት የሆነ፣ ገነት የምትባል የእኔ እኩያ ልጅ ያላት ሴት ነበረች። እናቴ ዝም ስትል እሷ ለሁለት ታወራ ነበር። ሐጅ ዑስማን በመተማ ንግድ አማርኛ የለመደ ሽማግሌ ነበርና ሱቁ ስትገባ ገና ከደጅ፣ በዓረብኛው የገነት እናት ብሎ፣ ይጀምራት ነበር።

«ያ ኡም ገነት፣ ዘንድሮም አልሞትሽም?»

«አንተን ሳልቀብር?»

«ምን ላሳይሽ?»

«የምታሳየኝ ምን አለህና? ይኼን ቀሚስ እንኳ ሰው አይለብሰውም፤ አህያህን አልብሳት!»

ሐጅ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ይስቅ ነበር፤ ቀሚሱን ግን በመጨረሻ በእሷ ዋጋ ይዛው ትወጣ ነበር። እማ በበኩሏ የምታስተምረኝ ፊቴን ነበር። ሱቅ ደጅ ስንደርስ እጄን ጨብጣ «ዓይንሽን ሰብስቢ» ትለኝ ነበር። የምፈልገውን እንዳላይ፣ የማልፈልገውን አተኩሬ እንዳይ ማለቷ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ ልቤ እየዘለለ ፊቴን እንደ ግድግዳ ማድረግ እችል ነበር።

ዝናቡ ያጠረበት ዓመት መጣ። በሐምሌ መዝነብ የነበረበት አልዘነበም፤ ሰሊጡ ሳይበቅል ቀረ፤ አረምም አልነበረም። አባቴ ሀዋታ እንደወረደ ነበር። እኔ ግን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አረፋ ከእንቁጣጣሽ በፊት በጥቂት ቀን ቀድሞ እንደሚውልና እማ «ዘንድሮ ቀሚስ ላንቺ ነው» እንዳለችኝ። እማ የሰጠችውን ቃል አጥፋ አታውቅም ነበር። እስከዚያ ዓመት አዲስ የሚገዛው ለታናሽ ወንድሜ ስለነበር፣ ይህ ቀሚስ በሕይወቴ ከሌላ ልጅ ያልወረደ የመጀመሪያዬ ይሆን ነበር።

ከአረፋ ሳምንት ቀደም ብሎ ከእትዬ ብርቄ ጋር ሳሙና ልንገዛ ሐጅ ዘንድ ገባንና አየሁት። ሰማያዊ ነው፤ ነጭ አንገትጌ አለው፤ ቁልፎቹ አበባ ይመስላሉ። ወዲያው ዓይኔን ሰብስቤ አጠገቡ የተሰቀለውን ቡናማ ቀሚስ አየሁ። እትዬ ብርቄን ግን አልሸወድኳትም።

«ሰማያዊው ነው አይደል?» አለችኝ በጆሮዬ።

«እማ ቡናማውን እይ ብላኛለች።»

ሳቋን በእጇ አፈነች። ከዚያ ሐጅ ወደ ደጅ ሲወጣ ቀሚሱን አውርዳ አጣጠፈችው፣ ከሱቁ ጀርባ ወደተከመሩት ብርድ ልብሶች ወሰደችኝና ከሦስተኛውና ከአራተኛው መካከል ሸጎጠችው። «በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ የሚነካ እብድ የለም። እስከ አራተኛው ቀን እዚህ ይተኛል። እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው» አለችኝ። የብሉን መድኃኒት ሽታ በእጄ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ፤ ማታ እጄን ሳልታጠብ ተኛሁ። ለእማ ግን ነገርኳት። አማተበችና ፊቷን አዞረች፤ ቁጣ መስሎኝ ነበር።

አረፋ ዋለ። የሙስሊም ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው በደጃችን ሲያልፉ አልቀናሁም፤ የእኔ ተኝቶ ይጠብቀኛል። አራተኛው ቀን የዋለው ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት ነበር፤ በሌላ ዓመት በዚያ ቀን በሚወርደው ዝናብ ልጆች ሁላችን ራቁታችንን እንጠመቅ ነበር። በዚያ ቀን የወረደው አቧራ ብቻ ነበር። እማ ከጸሎት መልስ እጄን ይዛ ወደ ገበያ ወሰደችኝ፤ አረማመዷ ከወትሮው የዘገየ ነበር።

ሱቅ እንደገባን ወደ ጀርባ ሄድኩና እጄን ከሦስተኛው ብርድ ልብስ ሥር ከተትኩ። ከአራተኛው ሥርም ከተትኩ። ከዚያ ፊቴን መጠበቅ ተሳነኝ፤ ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ መጣል ጀመርኩ።

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለ ሐጅ።

«ሰማያዊው ቀሚስ!»

«እሱ? ኸላስ፣ አለቀ፤ ትናንት ተሸጧል።»

ወደ እማ ዞርኩ። እማ ሸራው ላይ የተዘረጋውን ልብስ አላየችም፤ መቀነቷንም አልፈታችም። ጎንበስ ብላ የጣልኳቸውን ብርድ ልብሶች አንድ በአንድ አጣጥፋ ወደ ቦታቸው መለሰችና «ነይ እንሂድ» አለችኝ። መንገዱን ሁሉ ማን እንደወሰደው ስጠይቃት አልመለሰችልኝም።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት በጸሎት ቤታችን አጥር ውስጥ ገነትን አየኋት። አንገትጌው ነጭ ነው። ስትስመኝ ከእጅጌዋ ያ ሽታ መጣ። እትዬ ብርቄ ከኋላዋ ቆማ ነበር፤ በዓል ስለሆነ ጉልበቷን መሳም ነበረብኝ፣ አልሳምኩም። ሴቶቹ ሁሉ በሚሰሙበት «ሌባ!» አልኳት። «በሦስተኛው ቀን ሄደሽ ወሰድሽው። አንቺው ያወጣሽውን ቃል!»

እትዬ ብርቄ፣ ለሁለት የምታወራው ሴት፣ እናቴን አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። እናቴ አጎንብሳ የገነትን ቀሚስ ቁልፍ፣ አንዱ ተከፍቶ ነበር፣ ትዘጋላት ጀመር። ያን ጊዜ እትዬ ብርቄ «አዎ ልጄ» አለች። «ቸኮልኩ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የክርስትና እናት አልነበረኝም። ሴቶቹም ቃል አፍርሳለች ብለው ሸሿት፤ አራተኛው ቀን ሲመጣ አብራቸው እንድትሄድ የሚጠራት ጠፋ። በኅዳር ባሏ ኸሽም ኤል ቂርባ በሚባል ቦታ በመስኖ እርሻ ሥራ አገኘና ጓዛቸውን ጫኑ። ልትሰናበተኝ መጥታ ስትጣራ ከራኩባው ጀርባ ተደብቄ ነበር። «ትርንጎ! ትርንጎዬ!» ስትል ይሰማኛል። አልወጣሁም። መኪናው ሲነሣ እማ ደጅ ቆማ ስታለቅስ አየኋትና፣ ለከዳችን ሰው ለምን ታለቅሳለች ብዬ በእሷም ተናደድኩ።

ደርግ ወድቆ ወደ ጎንደር ከተመለስን፣ እኔም አግብቼ ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ ከኸሽም ኤል ቂርባ የመጣ ሰው የእትዬ ብርቄን ሞት ነገረን። እማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ሁለት ቀን ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን አጠገቧ ጠርታ አስቀመጠችኝ።

«ቀሚሱን በሦስተኛው ቀን ውሰጂው ያልኳት እኔ ነኝ» አለችኝ።

አልገባኝም ነበር።

«አባትሽ ባዶ እጁን እንደሚመጣ ከአረፋ በፊት ልኮብኝ ነበር። ለቅናሹም የሚሆን አልነበረኝም። አራተኛው ቀን ሲደርስ ሌላ ሰው ከሚወስደው ለገነት ይሁን አልኳት። እሷማ እንቢ ብላ ነበር። ልጅቷ ትጠላኛለች አለችኝ። እኔ እነግራታለሁ ብዬ ማልኩላት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ለምን ሱቅ ድረስ ወሰድሽኝ?»

«በመንገድ ልነግርሽ ነበር። በሱቁም ልነግርሽ ነበር። የለኝም ማለት አቃተኝ።» ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም። «እሷን ስትጠያት፣ እኔን አለመጥላትሽ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

በእናቴ ላይ ድምፄን አላነሣሁም። ያን ሌሊት ግን ለአንድ ቀሚስ ብዬ ያጣኋትን ሴት፣ በሰው ፊት ሌባ ያልኳትንና ስለ እናቴ ክብር ስሟን የሰጠችውን ሴት አስቤ እስኪነጋ አለቀስኩ። የከዳኝ ማን እንደነበረ ያወቅሁት እኔ የከዳኋት ከሞተች በኋላ ነው። የእትዬ ብርቄን የክርስትና ስም በየሩፋኤሉ ለጸሎት አስይዛለሁ። እማንም ይቅር ብያታለሁ፤ አሳድጋኛለችና፣ በዚያ ዓመት እንኳ ሳታስርበኝ አሳድጋኛለችና። ይቅር ማለት ግን መርሳት ሆኖ አላገኘሁትም።

አሁን እኔም እንደ እሷ ነው የምገዛው። ብርድ ልብስ በግንቦት፣ ጃንጥላ በመስከረም፣ የልጆች ልብስ በዓሉ ካለፈ በኋላ፤ ከእናቴ የወረስኩት ይህ ጥበብ ቤቴን አቁሞታል፣ ተመስገን። አንዱን ነገር ግን ለልጆቼ አላስተማርኩም። ትንሿ ልጄ ሱቅ ስንገባ የወደደችውን በጣቷ እያመለከተች፣ ነጋዴው እየሰማ «ይኼን!» ትላለች። ዋጋ ታስወድድብኛለች፤ ዓይንሽን ሰብስቢ አልላትም።

በማይሆንልኝ ቀን በጉልበቴ ተንበርክኬ ዓይኗን እያየሁ «የለኝም» እላታለሁ። ታኮርፋለች፤ ቤት እስክንደርስ እጄን አትይዝም። ኩርፊያዋ ግን ከእኔ ጋር ነው፤ ከሌላ ከማንም ጋር አይደለም።