ባሏ የከተተው በቆሎ

ሰፈሩ «ባለ አሳማዋ» ይላታል። ባሏ በሕይወት ሳለ «ባለ አሳማዎቹ» ነበር የሚባሉት፤ እሱ ሲሞት ሰዉ ሳይመካከር ስሙን አሳጠረው። ልብ ብላዋለች፤ ግን ምንም አልመሰላትም። በዚያ ሰሞን ምንም ነገር ምንም አይመስላትም ነበር። ሊያጽናናት የመጣውን ታስቀምጣለች፣ ሲነሳ ትሸኛለች፣ ከዚያ ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ ወደ በረቱ ትወርዳለች። አማቷ «ይቺ ልጅ እንባ አልፈጠረባትም?» ብለው ሲያሟት በጆሮዋ ሰምታለች። እውነታቸውን ነው ብላ አለፈችው።

ባሏ የመጨረሻውን በቆሎ የሰበሰበው እያመመው ነው። ዝናቡ ያለ ጊዜው ሲመጣበት በደንብ ሳይደርቅ ፈልፍሎ በጆንያ ከተተና መጋዘኑን ሞላው። «በቃ፣ ለከርሞ ይበቃሻል» አላት። «ይበቃናል» አለማለቱን ያስተዋለችው ከቀብሩ በኋላ ነው።

ጆንያዎቹን መፍታት ስትጀምር ከላይ ያሉት ደህና ነበሩ። ከሥር ያሉት ግን እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ፍሬው ሮዝ ነገር ጣል አድርጎበታል፤ ሲፈቱት የታፈነ ቤት ይሸታል። የጓጎለውን በእጇ ፈረፈረች፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ አበጥራ አስፈጨችው፤ ከፉሩሽካና ከፋጉሎ ጋር ደባልቃ ገንዳው ላይ አፈሰሰችው።

መጀመሪያ ያፈገፈጉት ለጋዎቹ አሳማዎች ናቸው። ቀርበው ያሸቱና ፊታቸውን ያዞራሉ። የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዋ፣ በረቱን ለማጽዳት ሲመጣ አይቶ ሳቀ። «ምን ነካቸው? ለሰርጋቸው ሊከሱ ነው እንዴ?» አለ። ትንሽ ቆይተው የቀመሱት ሲያስመልሱ ግን ሳቁን ተወው። ቀጥሎ ገና ለወንድ ያልደረሱት ሴቶቹ ኋላቸው አብጦ ቀላ፤ ወንድ የፈለጉ ይመስል ይቅበጠበጡ ጀመር። በመጨረሻ ባሏ «ወይዘሮ» እያለ የሚያሞላቅቃት ትልቋ እናት አሳማ ጊዜዋ ሳይደርስ ጨነገፈች። ሴትዮዋ የወደቁትን በባልዲ ሰብስባ ቀበረች፤ እጇን ታጥባ ምሳዋን በላች።

ዋርሳዋ የእንስሳት ሐኪሟን ይዞ መጣ። ሐኪሟ ሙቀታቸውን ለካች፤ ትኩሳት የላቸውም። «ተላላፊ በሽታ አይመስልም። እስቲ መኖውን ያሳዩኝ» አለች። መጋዘኑ ውስጥ እጇን ከጆንያው ከትታ አወጣችና አሸተተችው።

«ይሄ ሻጋታ ከአንድ በላይ መርዝ አለው። አንዱ መርዝ ከመብላት ይከለክላቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። ሌላው ማህፀናቸውን ያታልለዋል፤ ያበጡት ለዚያ ነው።»

«አሰጥቼዋለሁ እኮ። አበጥሬዋለሁም።»

«ሻጋታው ይራገፍ ይሆናል፤ መርዙ ግን ፍሬው ውስጥ ይቀራል። ቢቀቅሉትም አይለቅም። ከደህናው ጋር ልደባልቀው ካሉም ደህናውን ያበላሹታል።»

«የከተተው ባለቤቴ ነው» አለች።

ሐኪሟ ደነገጠች። «ኧረ በእሳቸው አይፍረዱ! ዝናቡ ነው።»

«አልፈረድኩም።»

ሐኪሟ የወሰደችው ናሙና ተመርምሮ ጥርጣሬዋ ልክ ሆነ፤ በቆሎው ይወገድ ተባለ። በማግስቱ ጠዋት ዋርሳዋ ሲመጣ ግን ያንኑ መኖ ገንዳው ላይ ስታፈስ አገኛት።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያበላኋቸው።»

«የተባለውን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።» አካፋዋን አላስቀመጠችም። «ይበቃሻል ብሎኛል።»

ዋርሳዋ የበረቱ አጥር ላይ ተደገፈ። «ለእኔም ወንድሜ ነበር» አለ። «ግን ወይዘሮን እንዲህ ሆና ቢያያት ይሄን ገንዳ በእርግጫ ነበር የሚገለብጠው።»

አካፋዋን አጥሩ ላይ አስደገፈች። የገንዳውን አንድ ጫፍ ያዘች፤ እሱ ሌላውን ያዘ፤ ገለበጡት።

ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍረው በቆሎውን ጆንያ በጆንያ ደፉት፤ ኖራ ነስንሰው አፈር መለሱበት። ስታስበው ሁለተኛ ቀብር ነበር። የተሰማት ግን የወገብ ሕመም ብቻ ነው።

መኖ ከየት ይመጣል ብላ ሳትጨርስ አማቷ በጋሪ በቆሎ አስጭነው መጡ። ስለ ሐሜታቸው አላነሱም፤ እሷም አላነሳችባቸው። «በጥርሴ ሞክሬዋለሁ፣ እንደ ጠጠር ነው» አሉ፤ ነጠላቸውን አገልድመው ጆንያ መጎተት ጀመሩ። «ተዉ እማማ፣ ወገብዎን!» ስትላቸው «ዝም ብለሽ ያዢልኝ» አሏት። በዚያው ሰሞን እሷና ዋርሳዋ የመጋዘኑን ወለል በጣውላ ከፍ አደረጉት፣ የሚያፈስሰውን ቆርቆሮ ቀየሩት።

መኖው ከተለወጠ በኋላ ለጋዎቹ እየተጋፉ መብላት ጀመሩ፤ የሴቶቹም እብጠት ሟሸሸ። ሁሉም ግን አልዳነም። አንዳንዶቹ ቀጭጨው ቀሩ። ወይዘሮም ደጋግማ ከወንድ ጋር ብትገናኝም ሳታረግዝ ቀረች፤ በመጨረሻ ተሸጣ ከበረቱ ወጣች።

ከወራት በኋላ ዋርሳዋ እየሮጠ ወደ ቤት ገባ። «ወለደች! ያቺ አብጣ የነበረችው ጆሮ ቆራጣ ወለደች!»

«እሺ» አለች፤ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«እሺ ብቻ?»

የያዘችውን ልብስ አጥፋ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው።

«ይጠባሉ?» አለችው።

«ይጠባሉ።»

ቦቲ ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀችና ተከትላው ወረደች።