ለቼሎው የተገዛው ወንበር

የኦርኬስትራው ኃላፊ ለቼሎው፣ ለትልቁ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ፣ የተገዛውን የአውሮፕላን ወንበር በመጨረሻው ሰዓት ለሚስቱ ሰጠ፤ መሣሪያውም ከሻንጣ ጋር ወደ ጭነት ክፍል እንዲወርድ አዘዘ። ቼሎውን የሚጫወተው ሽማግሌ በመሳፈሪያው በር ላይ ተንበርክኮ የቼሎውን አራት ክሮች አንድ በአንድ አላላ፤ ካፖርቱንም አውልቆ አለበሰው።

አሁን እጅጌው በተጣፈ ስስ ሸሚዝ ከሴትዮዋ ጎን ተቀምጧል። ቼሎውን ከወንበሩ ጋር ሊያስርበት ከቤቱ ያመጣውን ቀበቶ ጭኑ ላይ ያጥፈዋል፤ ይዘረጋዋል፤ እንደገና ያጥፈዋል። በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን እንዲጫወት የተፈቀደለት ነገ፣ በሰው አገር አዳራሽ ነው።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችው፣ የአባቷን እኩያ «አንተ» እያለች። «እንጨት አይደል እንዴ! አይበርደውም!»

«ይበርደዋል፣ እመቤቴ። ሲበርደው ይሰነጠቃል።»

«ኧረ ተው! የታመመ ልጅ አስመሰልከው እኮ!»

 የግራ እጁ ጣቶች የወንበሩን ክንድ እየተጫኑ የነገውን ዜማ ከመጀመሪያው ጀመሩት።

ጎማው መሬት ሲነካ ተሳፋሪው ሁሉ አጨበጨበ፤ የሴትዮዋ ጭብጨባ ከሁሉም ጎላ። እሱ ብቻ እጆቹን ሰብስቦ፣ ጆሮውን ከእግሩ ሥር ወዳለው የጭነት ክፍል አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር።