ሰዒዳ የለካቻቸው መስመሮች

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ስለ ጥናቷ ርዕስ ልታማክረኝ ቢሮዬ መጣች። ከወረታ መሆኗን ነግራኝ፣ «አክስቴ ሰዒዳ ሰላም በይልኝ ብላለች፤ አብራችሁ ነው አሉ የተማራችሁ» አለችኝ። ተቀመጭ ማለት እንኳ ረሳሁ።

ሰዒዳና እኔ ባሕር ዳር ስንማር የመመረቂያ ጥናታችን አንድ ሱፐርኖቫ፣ ማለትም አንድ የፈነዳ ኮከብ ነበር። ኮከቡ ከመፈንዳቱ በፊት የሃይድሮጅን ልብሱን አውልቆ ሊጨርስ ምንም አልቀረው፤ የተረፈችው ስስ ሽፋን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትታይና ትጠፋለች። ይህን የሚናገረው ስፔክትረሙ ነው፤ ብርሃኑ እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋ በመሃሉ የሚታዩት ጥቋቁር መስመሮች። ሌላ አገር ያሉ ቴሌስኮፖች ያነሷቸውን ስፔክትረሞች ከኢንተርኔት እናወርዳለን። እኔ ቀናቸውን እመዘግባለሁ፣ እሷ መስመሮቹን ትለካለች።

ወሩ ግንቦት ነበር። ክፍሉ ያቃጥላል፣ መብራት ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ ኢንተርኔቱ የለም። ያን ጊዜ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን የተጠበሰ ዓሣ እንበላለን። ሰዒዳ የዓሣውን አጥንት እንኳ አንድ በአንድ ለቅማ፣ ደርድራ ነበር የምትበላው።

ውጤታችን ግን የሚያናድድ ነበር። ሃይድሮጅኑ መጀመሪያ የለም፣ በኋላ ብቅ ይላል። የተራቆተ ኮከብ ከፈነዳ በኋላ መልሶ ይለብሳል እንዴ?

«ልኬትሽ ነው» አልኋት።

«እስቲ እንደገና ልየው» አለች። ለካች፤ ያው ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ አስለካኋት፤ እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ያው።

«ቀኖቹንስ አይተሃቸዋል?»

«ቀን መጻፍ የሚያቅተኝ መሰለሽ?» አልኋት፣ ሰው እየሰማ።

መምህራችን ሲጠይቁን ቀድሜ፣ «ያስቸገረን ልኬቱ ነው» አልኋቸው። ሥራውን ለእኔ ብቻ ሰጥተው እሷን ሌላ ርዕስ ፈልጊ አሏት። ጥቂት ፈለገች። ክረምቱ ሲገባ ትምህርቱን ትታ ወረታ፣ ወደ ቤተሰቦቿ ሱቅ ተመለሰች።

ነሐሴ ውስጥ ደብተሬን ገለጥሁ። እኛ መቼም በሁለት ዘመን አቆጣጠር ነው የምንኖረው፤ ክርስትናው በአንዱ፣ ፓስፖርቱ በሌላው። ኮከቡ ሲፈነዳ እኛ ዘንድ ምን ወር እንደ ነበር ማወቅ ደስ ስለሚለኝ የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ወደ እኛ ለውጬ ነበር የጻፍኋቸው፤ ዓመቱን ትቼ፣ ጥርን አምስት፣ የካቲትን ስድስት ብዬ። በኋላ መለወጡ ሲሰለቸኝ እንደ ፈረንጆቹ ማርችን ሦስት፣ ኤፕሪልን አራት እያልሁ ቀጠልሁ። ኮምፒዩተሩ በቁጥር ሲደረድራቸው የኋለኞቹ ከፊት መጡ። ቅደም ተከተሉን ባስተካክለው ሃይድሮጅኑ መጀመሪያ ታየ፣ ኋላ ጠፋ። የሰዒዳን ልኬት አንዲት አኃዝ እንኳ መንካት አላስፈለገኝም።

ለመምህራችን «ስሕተቱ ታርሟል» አልኋቸው። የማን እንደ ነበር አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኋቸው። በእሷ ልኬት ተመረቅሁ።

ለዓመታት መብራቱን፣ ኢንተርኔቱን፣ የመምህራችንን ችኮላ ስወቅስ ኖሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ልጅቷን፣ «አክስትሽ ለምን ተወችው ትላለች?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ድሮም እጄ ለልኬት አይሆንም ነበር ትላለች» አለችኝ፣ እየሳቀች።

አይደለም ልላት አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ስለ ርዕስ አመራረጥ ምክር ነበር። በራሴ በገንሁ። ስትወጣ የአክስቷን ስልክ ተቀበልኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁጥሩን ደጋግሜ ከማየቴ የተነሣ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ እስካሁን ግን አልደወልሁም።