የቡሬው ባለ ቀዳዳ ግድግዳ

ታኅሣሥ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

ከመናኸሪያው የምወጣው ደስ ብሎኝ ነው። ብብቴ ሥር ሦስት ሳምንት የለፋሁበት፣ የተጠቀለለ ፕላን አለ። ቡሬ ያለው፣ ችሎት የሚቀመጥበት አሮጌ አዳራሽ ለመጪው ሚሌኒየም እንዲታደስ የተሳለ ነው። በንጉሡ ዘመን የተሠራ የሲሚንቶ ቤት ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ የፊት ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ባለ ቀዳዳ ብሎኬት። እኔ ቀዳዳውን አፍርሼ ሰማያዊ መስታወት አድርጌበታለሁ። አዳራሹን በፎቶግራፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው እንደማላውቅ ግን ለአንባቢ ልናዘዝ።

ሚኒባሱ አምስት ብር ነው። ብርቱካን በዘንቢል፣ ሁለት ዶሮ፣ አንድ አስተማሪ፣ የሚንተባተብ ካሴት። ሾፌሩ ጥቅሉን አየና፣

"መስታወት ልታደርጉበት ነው አሉ። ይሁን፣ ፀጉሬን አበጥርበታለሁ" አለኝ። መላጣ ነው።

1 ሰዓት፣ ማንኩሳ

መኪናው ለአፍታ ቆመ። የበቆሎ አገዳ የተከመረበት አጥር ሥር አንድ ሽማግሌ ሽመል ይሸጣሉ። አንዱን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ዱላ ምን ያደርግልኛል አባቴ?"

"ባዶ እጅህን ቡሬ ልትገባ?" አሉና አዘኑልኝ።

2 ሰዓት፣ ቡሬ

ከተማው በርበሬ በርበሬ ይላል። እያስነጠስኩ አዳራሹ ደረስኩ። የዘበኛው ስም ጋሽ ዓለሙ ነው፤ በወጣትነታቸው ብሎኬቱን በቅርጽ ያፈሰሱት እሳቸው ናቸው። ፕላኑን በረንዳው ላይ ዘረጋሁላቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

"ያምራል" አሉ። "ዱላውን የት አደረግኸው?"

የሚቀልዱ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

3 ሰዓት ላይ ችሎት ሊጀመር ሲል ገባኝ። ከገጠር የመጣው ባለ ጉዳይ ሁሉ ዱላውን በየቀዳዳው እየሰካ ባዶ እጁን ወደ ውስጥ ይገባል። ማንም አይጋፋም፤ ሁሉም ቀዳዳውን ያውቃል። በወሰን የሚካሰሱ ሁለት ጎረቤቶች እንኳ ዱላቸውን ጎን ለጎን ሰክተው ገቡ።

"ይኸ የአባቴ ነበር" አለኝ አንዱ ቀዳዳውን እየነካ።

"አንድ ጊዜ ግድግዳው ሲቀባ ዱላውን ደጅ ቆለልነው" አሉ ጋሽ ዓለሙ። "ሰው የሰው ዱላ ይዞ ሄደ። ከመሬቱ ክርክር የዱላው ክርክር ባሰ። በሽማግሌ ነው የበረደው።"

የሦስት ሳምንት ልፋቴ እጄ ላይ ከበደኝ። አፈርኩ።

ደግሞ ወይዘሮ ስንዱ አሉ፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለው መዝገብ ቤት የእሳቸው ነው። የክረምት ዝናብ በቀዳዳው የገባበት የመሬት መዝገብ አወጡልኝ። ቀለሙ ፈስሶ ወሰኑ ጠፍቷል።

"ቀዳዳው ለእናንተ ጌጥ ነው። ለእኔ ጉንፋን ነው። ቀና ስል ደግሞ የዱላ ጫፍ ግንባሬ ላይ ነው። እነዚያ ለሚካሰሱበት መሬት ማስረጃው እዚህ ነው፤ እሱ ከረጠበ ዱላውን ቢሰኩ ምን ዋጋ አለው?"

እውነታቸውን ነው።

6 ሰዓት፣ በረንዳው ላይ

ፕላኑን ገልብጬ በጀርባው እንደ አዲስ ጀመርኩ። ግድግዳው ይቆይ፤ መስታወቱ ከኋላው ይቁም። ግን ምን ያህል ርቆ? ጋሽ ዓለሙ ረጅሙን ሽመል ሰኩና ወደ ውስጥ የገባውን ለኩ፤ አንድ ክንድ ከስንዝር። ሁለት ክንድ አደረግነው።

"ከክፍሌ ላይ ተቆርጦ መሆኑ ነው" አሉ ወይዘሮ ስንዱ።

"ዝናቡም ዱላውም አይደርስብዎትም።"

"መደርደሪያዬ ወደ ደረቁ ግድግዳ ይዙርልኝ። በቃል ሳይሆን በስዕል።"

ሳልኩት። የአዳራሹ ኃላፊ መጥተው ጋሽ ዓለሙንና ወይዘሮ ስንዱን ጠይቀው የፕላኑ ጀርባ ላይ ፈረሙ። ለመዝገብ ቤቱ ብርሃን እንዲገባ ሰማያዊ መስታወቴ ቀርቶ ተራ መስታወት ሆነ፤ ትንሽ ቆጨኝ፣ ብዙ ደስ አለኝ።

9 ሰዓት፣ መልስ

ልሄድ ስል ጥቅሉ የለም። ዞር ስል ግድግዳው ላይ በዱላዎች መሐል ተሰክቷል።

"ከታች ሦስተኛው ቀዳዳ፣ ከዳር" አሉ ጋሽ ዓለሙ። "ባለቤቱ አምና ዐረፈ፤ የሚወርሰው የለም። ስትመጣ ያንተ ነው።"

ጥቅሌን መዘዝኩ። እጅ ነሥቼ ሄድኩ።

ማንኩሳ ላይ ሾፌሩን አስቆምኩት። ሽማግሌው ከአጥሩ ሥር አልተነሡም። አንድ ሽመል እንዲሰጡኝ፣ ግን ረጅም እንዳይሆን ነገርኳቸው፤ ከሁለት ክንድ በላይ የሚገባ እንደሆነ የራሴን መስታወት እሰብራለሁ።