የመስፈሪያው ሰም

ወንድሜ የደወለልኝ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። እኔ የምኖረው ባሕር ማዶ ነው። ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ ያለው መንደራችን ስልክ ከጠፋበት ሰንብቶ ነበርና ድምፁን ስሰማ ደስ አለኝ።

“እታለም፣ አጠገብሽ ሰው አለ?” አለኝ።

እንዲህ የሚጠየቀው ለመርዶ መሆኑን አላጣሁትም። “አባየ ነው?” አልኩት።

“አባየ ነው። አሥራ ሁለቱን ትናንት አወጣንለት።”

የጎረቤታችን ሽማግሌ አርፈው፣ አባቴ እንደ ልማዱ ለለቅሶው ሊተኩስ ወጣ። ሁለቴ ተኮሰ። በሦስተኛው ያ አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃው ከኋላው ፈነዳና ፊቱንና አንገቱን መታው። በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ መንገድ ላይ ዐረፈ።

“ጠመንጃው አርጅቶ ነው” አለ ወንድሜ። “ቅድመ አያታችን የያዘው አይደል?”

“መስፈሪያውስ?”

“የምን መስፈሪያ?”

“ባሩድ የሚሰፍርበት። አይተኸዋል?”

ሐዘኑ ያዞረኝ መስሎት ይሆናል፣ “በማርያም አልቅሺ፤ ይውጣልሽ” አለኝ።

አባቴ ገበሬ ነው። ነገር ግን ለዚያ ዓይነት ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ከገበያ ከጠፋ ዘመን ሆኖታልና፣ የአገሩ ሰው የተተኮሰበትን ቀለህ እየለቀመ ያመጣለታል፤ እሱ ባሩድ ሰፍሮ መልሶ ይሞላዋል። ታላቅ ሰው ሲሞት ያለ ተኩስ መቅበር በእኛ ዘንድ ያሳፍራል። ስለዚህ አባቴ ያልተጠራበት ለቅሶ አልነበረም።

መስፈሪያውን የመረጠበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አጎዛ ላይ ሦስት ነገር ደርድሮ ተቀምጧል፦ የፍየል ቀንድ ጫፍ፣ ከቆርቆሮ የተጠቀለለ ትንሽ ጽዋ፣ እና የሌላ ጠመንጃ የናስ ቀለህ። ቀንዱን አገላበጠና “ይኸ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተራል። እንደ ሰው ነው፣ አይታመንም” ብሎ ወረወረው። በቆርቆሮው መገጣጠሚያ ባሩድ እየተቀረቀረ አስቸገረው። የቀረው ናሱ ነበር። አሳጥሮ ቆረጠው፣ አፉን በሞረድ አለሰለሰው፣ አንገቱ ላይ ሽቦ ጠምዝዞ እጀታ አበጀለት።

ሞልቶ ሲሞክረው ግን ጠመንጃው ትከሻውን ክፉኛ ገፋው። “በዝቷል” አለ። ባሩዱን ከቤት አስወጥቶ፣ እኔን ጧፍ አስይዞ፣ የሚይዘው ባሩድ እንዲያንስ ከመስፈሪያው ውስጥ ሥሩ ላይ ሰም አንጠባጠበ። ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ ሲበርድ ይሞክረዋል፤ ደግሞ አንድ ጠብታ። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ይዤ ቆሜ ነበር። በማግስቱ ተኩሶ ሲመለስ “አሁን ልኩን አገኘ” አለኝና ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ወዲህ ስፍሩን በዶሮ ላባ የማስተካክለው እኔ ሆንኩ። “አትጠቅጥቂ፣ አትነቅንቂ፣ እንደ መጣ ተቀበይው” ይለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ ጎረቤት ቀለሁን ተቀብሎ ነቀነቀና “አያ፣ ባሩዱን እንደ ጠበል ነው እንዴ የምትረጭልን? ትንሽ ጨምርበት እንጂ” አለው።

“ብጨምርልህ” አለ አባቴ ቀና ሳይል፣ “ሬሳውን አስቀምጠን አንተን ነው የምንቀብር።”

ሰውዬው ራሱ ቀድሞ ሳቀ።

ለመጨረሻ ጊዜ አገሬ የገባሁት ለፋሲካ ነው። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቤቱን ሳጸዳ መስፈሪያውን ከግድግዳው ላይ አወረድኩት። በጢስና በባሩድ ጠቁሮ ናስነቱ ጠፍቶ ነበር። ውስጡ፣ ሥሩ ላይ የተጋገረ ጥቁር እድፍ አየሁ። በፈላ ውኃ ዘፈዘፍኩት፣ በእንጨት ፈልፍዬ አወጣሁት፣ በአመድ ፈተግሁት። ጧፉን የያዝኩት እኔው ነበርኩ፤ ግን ያ እድፍ ሰሙ መሆኑ ለቅጽበት እንኳ አልመጣልኝም። ላስደስተው ፈልጌ ነበር።

አባቴ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር። መስፈሪያውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግቶ አየው።

“እንደ ቅዳሴ ጻሕል አበራሽው፣ የኔ እናት” አለኝ።

ውስጡን በጣቱ ዳሰሰ ወይስ አልዳሰሰም? እዚህ ላይ ስደርስ ማስታወስ ያቅተኛል። አንዳንድ ቀን ሲዳስስ ይታየኛል፤ ግን ስለምመኘው ብቻ የታየኝ እንዳይሆን እፈራለሁ። ከበዓሉ በኋላ ሳምንት ሳልቆይ ተመለስኩ። መርዶው የመጣው በተከታዩ ኅዳር ውስጥ ነው። በመካከሉ የሞተ ሰው፣ የተተኮሰ ጥይት መኖሩንም አላውቅም።

ለንስሐ አባቴ በስልክ ተናዘዝኩ። ስግደትና ጾም ሰጡኝ፤ “ያላወቅሽውን በራስሽ ላይ አትፍረጂ፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው” አሉኝ። ቃላቸውን ተቀብያለሁ። ስሰግድ ግን ለምን ኃጢአት እንደምሰግድ አላውቀውም፤ አባቴን ስለ መግደሌ ነው ወይስ ዕቃ ስለ ማጠቤ?

እናንተ በዚያ ለቅሶ የነበራችሁ፣ ቀለሁን ሲሞላ አብራችሁት የተቀመጣችሁ፣ እለምናችኋለሁ። ጧፍ አምጡልኝ ብሎ ነበር? አዲስ ሰም ሲያንጠባጥብ ያየ አለ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተኩሶች ትከሻውን ሲገፉት አንዳች ነገር ተናገረ? መስፈሪያው በእጁ ያለ ሰው ካለም እባካችሁ አትጠቡት፤ ጣታችሁን አስገብታችሁ ሥሩን ዳስሱት። ሰም ካለው ንገሩኝ። ከሌለውም ለእኔ አዝናችሁ አለው አትበሉኝ።