«ብዙ አትጠብቁ» የምትለው ፓፓያ ሻጭ

እልል በሉ፣ መጣች! ማን ብትሉ፣ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ በር ላይ ፓፓያ የምትሸጠው ሴትዮ ልጅ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ከጅዳ ገባች።

የሴትዮዋን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌሎቹ ሻጮች «ማር ነው፣ ማር!» እያሉ የአውቶቡሱን መስኮት ሲደበድቡ፣ እሷ ጥቁር ሻርፗን አገጯ ሥር ቋጥራ «ብዙ አትጠብቁ፣ ዱባ ዱባ ይላል» ትላለች። እኛ ጅሎቹ ተሽቀዳድመን እንገዛለን። እውነትም ዱባ ዱባ ይላል፤ እኛ ግን «ታማኝ ሴት!» ብለን እናመሰግናለን።

ስለ ልጇም ስትጠየቅ «ትመጣለች ብዬ አልጠብቅም፤ ጤና ከሰጣት አልሐምዱሊላህ» ነው መልሷ። አንድ የበሰለ ፓፓያ ግን ሁልጊዜ በጨርቅ ሸፍና ታስቀምጣለች። ሽጭልኝ ስላት «እሱማ በስብሷል» ብላኛለች።

ዛሬ ልጅቷ ከአውቶቡስ ስትወርድ እናት ሆዬ ቢላዋዋን ጥላ ሮጠች። አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ የተሸፈነውን ፓፓያ ቆርጣ አጎረሰቻት።

«ብዙ አትጠብቂ» አለቻት።

«እማዬ፣ ማር ነው እኮ!» አለች ልጅት አፏን ሞልታ።

አምስት ዓመት ሙሉ ዱባ አብልታን! ጎረቤቴ ፋናዬም እንደኔ እያመሰገነች ስትበላ ነው የኖረችው። ይህንንማ ሳትሰማ አታድርም፤ ልሩጥ!